ለተቀየረ ሞተር ሳይክል የነዳጅ ማስተካከያ ከመግዛታችሁ በፊት

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በስልክ ፎቶ ላከልኝና «ቲቸር፣ ይሄን ልግዛው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፎቶው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ አለች፣ ሁለት ሽቦ ወጥቶላታል፣ ከሥሯ «የሞተርዎን ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያገለገለ 200 ሲሲ የሕንድ ሞተር ገዝቷል። የቀድሞው ባለቤት የፋብሪካውን ማርሚታ አውጥቶ አጭርና ጯሂ ማርሚታ አስገብቶበታል። የአየር ማጣሪያውንም ሳጥን አስወግዶ ክፍት ማጣሪያ ሰክቶበታል። አሁን ሞተሩ ጋዝ ሲለቀቅ ይተኩሳል፣ በጣም ይግላል፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል። የሦስት ሰው የቤት ወጪ በዚህ ቦዳቦዳ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሻጩ ለዚያች ሳጥን የጠየቀው ዋጋ ደግሞ ከእኔ የወር አበል ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚህ ካኩማም ካሎቤዬም ካሉ ልጆች ደጋግሞ ስለደረሰኝ መልሱን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ፉንዲ ጋ ተቀምጬ የሞተር መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ እያነበብኩ እነግረዋለሁ፣ እሱ ደግሞ መጽሐፉ ያለውን በእጁ ፈትቶ ያሳየኛል። ከዚህ በታች ያለው ከሁለታችንም የወጣ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በካምፓችን ከሚሄዱት ሞተሮች አብዛኞቹ፣ ቦክሰሩም ቲቪኤስ ስታሩም፣ በካርቡሬተር የሚሠሩ ናቸው። እነሱ ላይ ቤንዚን የሚለካ ኮምፒውተር የለም። ኮምፒውተር ለሌለው ሞተር የኮምፒውተር ማስተካከያ መግዛት በግ ሳይኖር እረኛ መቅጠር ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አዙሩና ጆሯችሁን ወደ ታንከሩ አስጠጉ። ለሁለት ሦስት ሴኮንድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የቤንዚን ፓምፑ ነው፣ ኢንጀክሽን ነው ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በርታ ትጠፋለች። ካርቡሬተር ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታንከሩ ሥር የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያ አለው፣ የቾክ ማንሻም አለው።

ኢንጀክሽን በሞተር ሳይክል ላይ አዲስ ነገር አይደለም፣ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ አውጥቶት ነበር። ወደ ትንንሾቹ ሞተሮች በብዛት የወረደው ግን በቅርብ ነው። ሕንድ ከሚያዝያ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢኤስ 6 የተባለውን የጭስ ደንብ ስታስገድድ ለአገሯ ገበያ የሚሠሩት ሞተሮች ከሞላ ጎደል ወደ ኢንጀክሽን ተሸጋገሩ። ወደ አፍሪካ የሚላኩት ርካሾቹ ብዙዎቹ አሁንም በካርቡሬተር ናቸው። እንደ ፐልሰርና አፓቼ ካሉት ከፍ ያሉ ሞዴሎች ጋር ግን ኢንጀክሽኑም እኛ ዘንድ እየመጣ ነው። ሻጮቹም አብረው መጡ።

ነገሩ የአየርና የቤንዚን ልክ ነው

የከሰል ምድጃ ያነደደ ሰው ይህን ያውቀዋል። አየር ሲያጣ ይጨሳል፣ ሲራገብለት ይቀላል፣ ከልክ በላይ ሲራገብ ደግሞ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል። ሞተር ውስጥም ያው ነው፣ ልዩነቱ ልኩ በጣም ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ለሙሉ ጉልበት ግን ትንሽ ቤንዚን በዛ ብሎ ወደ 13 ለ1 ቢቀርብ ይሻላል፣ ምክንያቱም ትርፉ ቤንዚን ያበርዳል፣ ያገኘውንም ኦክስጅን በሙሉ ይጠቀማል። ከዚህ በጣም ሲበዛ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የቀጠነ ዘይት። ሲያንስ ደግሞ የከፋው ይመጣል። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ በሙሉ ጋዝ አሸዋ ላይ የሚጎትት ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፣ ውስጡ ይንኳኳል፣ ብዙ ከቆየም ቫልቩ ይቃጠላል ወይም ፒስተኑ ይበሳል። ያን ጊዜ ወጪው የማስተካከያ ሳይሆን የሙሉ ሞተር ነው።

ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ይህንን ልክ የሚጠብቀው በኮምፒውተሩ ነው። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢሲዩ ይሉታል። ኮምፒውተሩ ጋዝ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ የሚገባው አየር ግፊትና ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ በሴንሰሮች ይሰማል። ከዚያ አንድ ሰንጠረዥ ያያል። ልክ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ እንዳለው የማባዣ ሰንጠረዥ አስቡት። በላይ በኩል የጋዙ መከፈት በመቶኛ፣ በጎን የሞተሩ ዙር፣ መገናኛቸው ላይ ደግሞ ኢንጀክተሩ ለስንት ሺኛ ሴኮንድ እንደሚከፈት የሚናገር ቁጥር። ይህ ሰንጠረዥ ነው «ማፕ» የሚባለው።

አሁን ዋናው ነጥብ መጣ። ሞተር ሳይክሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የገባውን አየር በቀጥታ አይመዝኑም፣ ከግፊቱ ወይም ከጋዙ መከፈት ተነስተው ይገምታሉ። ግምቱ ደግሞ የተሠራው ፋብሪካው በገጠመው ማርሚታና ማጣሪያ ነው። ማርሚታውን ስትቀይሩ አየር በቀላሉ ይወጣል፣ ማጣሪያውን ስትከፍቱ በብዛት ይገባል፣ ሰንጠረዡ ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። አየር በዛ፣ ቤንዚኑ ባለበት ቀረ።

«ታዲያ ማርሚታው ላይ ያለው ሴንሰር የት ሄደ?» የሚል ጎበዝ ተማሪ ይኖራል። ትክክል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ጭሱን እየቀመሰ «ቤንዚን አነሰ፣ ቤንዚን በዛ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያርማል። ነገር ግን ተራው ሴንሰር የሚለየው ከ14.7 በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ነው፣ በምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ኮምፒውተሩም የሚሰማው ረጋ ብላችሁ ስትነዱና ሞተሩ በቦታው ሲሠራ ነው። ጋዙን ጨክናችሁ ስትከፍቱ ሴንሰሩን ትቶ በሰንጠረዡ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ በዝግታ ሲነዳ ምንም የማይል ሞተር ከሎኪቾጊዮ መልስ በሙሉ ጭነት ሲጎትት ብቻ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ናይሮቢም ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ካኩማ ከሁለቱም በጣም ዝቅ ያለች ቆላ ናት። ናይሮቢ ላይ ለቀጭን አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡሬተር እዚህ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ኢንጀክሽን ግን ግፊቱን ስለሚለካ ይህን ራሱ ያስተካክላል። «ለቆላ የተሠራ ልዩ ቺፕ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ያላችሁን ነገር መልሶ ሊሸጥላችሁ ነው።

ማጣሪያው

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም በእኔ አስተያየት ከማስተካከያው የሚበልጠው ጉዳይ ይሄ ነው። ክፍት ማጣሪያ የተሠራው አስፋልት ላይ ለሚሮጥ፣ ዝናብ ላጠበው አገር ሞተር ነው። የቱርካና አቧራ ዱቄት ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሳ ከክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽሑፉን ይሸፍነዋል። ያ አቧራ ማጣሪያ አልፎ ሲገባ በሲሊንደሩና በፒስተን ቀለበቱ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሞተሩ በጥቂት ወራት ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ይህን የትኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም።

በዚያ ላይ ክፍቱ ማጣሪያ የሚስበው ሞተሩ ያሞቀውን አየር ነው። የፋብሪካው ሳጥን የሚስበው ከሞተሩ ራቅ ካለ ቦታ ነው። ጥላ ሥር 35 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ሞቃት አየር ቀጭን ነው። ጉልበት ፈልጋችሁ ጉልበት ታጣላችሁ። ስለዚህ ማርሚታውን ልትተዉት ብትፈልጉ እንኳ የማጣሪያ ሳጥኑን መልሱ። ያገለገለ ሳጥን ከተበተነ ሞተር ላይ ይገኛል። ማጣሪያውንም መጽሐፉ ከሚለው ቀን ቀድማችሁ ቀይሩ፣ መጽሐፉ የእኛን መንገድ አያውቅም።

(ጯሂውን ማርሚታ በተመለከተ የአስተማሪ ቅሬታ አለኝ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ አንዱ ሲያልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እደግማለሁ። ይሄ የግሌ ነው።)

ከመክፈላችሁ በፊት የሚታዩ

ከማስተካከያ በፊት ሞተሩ ጤነኛ መሆን አለበት። የተበላሸን ሞተር በማስተካከያ መሸፈን ትኩሳት ያለውን ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጥቶ ትምህርት ቤት እንደመላክ ነው።

ጋዝ ሲለቀቅ የሚተኩስ ሞተር ሁልጊዜ ቤንዚን ያነሰው አይደለም። ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ያለችው ጓርኒሲዮን ከተበላች ከውጭ አየር ይገባል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ቱቦ ውስጥ ይፈነዳል። መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ይባስ ብሎ ያ አየር የኦክስጅን ሴንሰሩን ያታልላል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አንሷል ብሎ ይጨምራል። ከአየር ማጣሪያው እስከ ሲሊንደሩ ያለው ጎማም በፀሐይ ይሰነጠቃል። ሞተሩ በቦታው እየሠራ ጎማውን ሳሙና ያለው ውሃ ቀቡት፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው።

ባትሪውንም እዩ። ካርቡሬተር በደከመ ባትሪ በእርግጫ ይነሳል፣ ኢንጀክሽን ግን ፓምፑም ኮምፒውተሩም ኢንጀክተሩም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላያችሁ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያች ቢጫ መብራት ደግሞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም በርታ ከቀረች ኮምፒውተሩ ራሱ ጥፋት አግኝቷል ማለት ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች የጥፋቱን ቁጥር በብልጭታ ይነግራሉ፣ ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ አለ። መብራቷን በፕላስተር ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው አይቻለሁ።

ቫልቮቹም በልካቸው መለካት አለባቸው፣ የጠበበ ቫልቭ ጠዋት ላይ አልነሳም ያሰኛል።

ቤንዚኑስ? በጠርሙስ የምንገዛው ቤንዚን አንዳንዴ ላምባ ይቀላቀልበታል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ላምባ ላይ በሊትር 18 ሺሊንግ ቀረጥ የጣለችው ይህን ቅልቅል ለማስቆም ነበር። ላምባ የገባበት ቤንዚን ቶሎ ይንኳኳል፣ ሙሉ ጋዝ ላይ የቤንዚን ማነስ የሚመስል ምልክት ያሳያል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባት የሚመስል ክብ ይተዋል። የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፣ ግን ምንም ካለማየት ይሻላል።

የዚያ ልጅ ሞተር ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ነበር። ፉንዲው አዲስ አስገባለት፣ ያገለገለ የማጣሪያ ሳጥን ፈልገው መለሱ፣ ቫልቮቹን ለኩ። ተኩሱ ቀረ፣ ጠዋትም በአንዴ ይነሳል። የቀረው ነገር ሙሉ ጋዝ ላይ በጭነት የሚሰማው መጓተት ነው፣ ወደ ማስተካከያ የሚወስደው ጥያቄ ትክክለኛው ይሄ ነው።

አራቱ ዓይነት

በገበያ ላይ ያሉትን ፉንዲውና እኔ በአራት ከፍለናቸዋል።

የመጀመሪያዋ ያች የክብሪት ሳጥን ናት። ውስጧ ብዙ ጊዜ አንድ ሬዚስተር ብቻ ነው ያለው፣ ዋጋው የጥቂት ሺሊንግ የሆነ። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ላይ ትቀጠላለች። ሴንሰሩ አየሩ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል። ሬዚስተሯ ተቃውሞ ስትጨምር ኮምፒውተሩ አየሩ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፣ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን ይጨምራል። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ሊያሰላው ይችላል። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ ሳለ 5 ዲግሪ ነው ብላ ብታታልለው፣ በኬልቪን 308 ለ278 ነው፣ ወደ 11 በመቶ ተጨማሪ ቤንዚን። ግን የጨመረችው በየቦታው ነው፣ ባነሰበትም ባላነሰበትም። በዝግታ ስትነዱ የኦክስጅን ሴንሰሩ መልሶ ይቀንሰዋል፣ ሲነሳና ሲሞቅ ግን ይበዛል። «ቤንዚን ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ራሱን ይቃረናል፣ ሥራዋ ቤንዚን መጨመር ከሆነ ከየት አምጥታ ትቆጥባለች? ይህችን አትግዙ።

ሁለተኛው በኮምፒውተሩና በኢንጀክተሩ መካከል የሚገባ ሳጥን ነው። ዳይኖጄት የሚሠራው ፓወር ኮማንደር በዓለም የታወቀው ነው፣ ባንጋሎር ያለው ሬስ ዳይናሚክስ ደግሞ ፓወርትሮኒክና ፊውልኤክስ የተባሉትን ለሕንድ ገበያ ሞተሮች ይሠራል። ኮምፒውተሩ «ኢንጀክተሩን ለ5 ሺኛ ሴኮንድ ክፈት» ሲል ይህ ሳጥን ያደምጥና በራሱ ሰንጠረዥ መሠረት 5 ከመቶ ይጨምርበታል ወይም 3 ከመቶ ይቀንስበታል። የፋብሪካው ማፕ አይነካም። ነቅላችሁ ስታወጡት ሞተሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ለሌላ ሰውም ትሸጡታላችሁ። ለእኛ ኑሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንከኑ፣ በዝግታ ስትነዱ የፋብሪካው ኮምፒውተር በኦክስጅን ሴንሰሩ እየታረመ ሳጥኑ የጨመረውን ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ለሴንሰሩ የሚሆን ሌላ መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ። ያለ እሱ ገዝቶ «ምንም አልለወጠም» የሚል ሰው ካገኛችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ፍላሽ ነው፣ የፋብሪካውን ማፕ ራሱን ከፍቶ መጻፍ። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ሳጥን የለም፣ የሚነቃነቅ ሽቦ የለም፣ አቧራና ንቅናቄ በሚበዛበት አገር ይህ ጥቅም አለው። ግን መሣሪያውና ሶፍትዌሩ ለእናንተ ኮምፒውተር የተሠራ መሆን አለበት፣ ላፕቶፕና የማይቋረጥ መብራት ያስፈልጋል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰዓት መብራት በሌለበት ሠፈር ይህን ለጎረቤት ጀነሬተር አደራ አልሰጥም።

አራተኛው ኮምፒውተሩን አውጥቶ ሌላ መተካት ነው። ለውድድር ነው። አልፈዋለሁ።

ሳጥኑ ሳይሆን ማፑ

ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ይሄ ነው፦ ማስተካከያ ማለት ባዶ ደብተር ነው። ዋጋ ያለው በውስጡ የሚጻፈው ቁጥር ነው። «ማፕ ተጭኖበታል» ሲላችሁ የማን ሞተር ማፕ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ዓመት፣ ለዚያው ማርሚታ የተሠራ ካልሆነ የሌላ ሰው መነጽር ነው።

ትክክለኛው ማፕ የሚሠራው ሞተሩ ዳይኖ ላይ ወጥቶ፣ ጭሱ ሰፊ ልኬት ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እየተለካ ነው። ይህ ሴንሰር እንደ ተራው «በዛ፣ አነሰ» ብቻ አይልም፣ 12.8 ወይም 14.1 እያለ ቁጥሩን ይሰጣል። ከካኩማ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለኛ ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ዳይኖ የለም ብለን እንነሳ። የሚቀረው መንገድ ራሱ እየለካ የሚያርም ማስተካከያ መግዛት ነው፣ ወይም ማርሚታው ላይ ለሴንሰሩ ቀዳዳ አስበይዶ መንገድ ላይ እየለኩ ቁጥሮቹን ማስተካከል። በሙሉ ጋዝ ወደ 13 እንዲቀርብ፣ በዝግታ ከ14 እስከ 14.7 እንዲሆን። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ቁጥሩን ይጽፋል። ባዶ ሜዳ ላይ አድርጉት እንጂ ገበያ መሃል አይሆንም። ሞተር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስነስታችሁም አትለኩ፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ሲሊንደር ያስፈጩና ትልቅ ፒስተን ያስገቡ አንድ ነገር ይጨምሩ። በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ አንዱ ሙሉ የሥራ ዑደት 12 ሺኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። የፋብሪካው ኢንጀክተር ከዚያ ውስጥ 11ዱን ክፍት ከሆነ የሚጨመር ጊዜ የለም፣ ማስተካከያው ምንም ቢል ቤንዚኑ አይመጣም። ያኔ መጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ኢንጀክተር ነው።

ከአሜሪካ የሚላክ ማስተካከያ

ሦስት ልጆች «አሜሪካ ያለ አጎቴ ሊልክልኝ ይችላል» ብለውኛል። ጥሩ አጎት ነው። ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የማስተካከያ ገበያ ለሃርሊ ዳቪድሰን ዓይነት ትልልቅ ሞተሮች ነው፣ እነዚያ ለእኛ 200 ሲሲ መሰኪያቸው እንኳ አይገጥምም። ፓወር ኮማንደርም ቢሆን ለየሞዴሉ የተለየ ሽቦ አለው፣ አዲሱ ደግሞ ከ300 ዶላር በላይ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የፍላሽ መሣሪያዎች ከአንድ ሞተር ኮምፒውተር ጋር አንዴ ከተጋቡ በኋላ ሌላ አይቀበሉም። ያገለገለ በርካሽ ገዝቶ ቢልክላችሁ የተቆለፈ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

የጭስ ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ሃርሊ ዳቪድሰን ወደ 340,000 የሚጠጉ የራሱን ማስተካከያዎች በመሸጡ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ፣ ምክንያቱም መሣሪያዎቹ ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ ጭስ እንዲያወጣ ያደርጋሉ ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚሸጡ ብዙ መሣሪያዎች «ለውድድር ብቻ» የሚል ጽሑፍ አላቸው። እዛ አገር ያለው አጎት ራሱ ሞተር የሚነዳ ከሆነ ይህን ያውቀዋል፣ ጠይቁት።

ታዲያ ምን ይደረግ

ማርሚታው ብቻ ከተቀየረ፣ የማጣሪያው ሳጥን በቦታው ካለ፣ ሞተሩም ጤነኛ ከሆነ፣ ለቦዳቦዳ ሥራ ማስተካከያ መግዛት ብዙም አያስፈልግም እላለሁ። የፋብሪካው ማርሚታ ከተገኘማ ይመለስ። 24 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው 200 ሲሲ ሞተር ከማርሚታና ከማፕ የሚያተርፈው ቢበዛ አንድ ሁለት ፈረስ ነው፣ እሱም ዙሩ ከፍ ሲል። የኛ ሥራ ከታች ነው፣ በዝቅተኛ ዙር አሸዋ ውስጥ መጎተት።

ለመጎተት ርካሹ መፍትሔ የኋላውን ኮሮና መቀየር ነው። 39 ጥርስ ያለውን በ42 ጥርስ ብትተኩት ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ መጎተቻ ታገኛላችሁ፣ በዚያው ልክ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። በካኩማ መንገድ ላይ ያን ፍጥነት የሚፈልገው ማን ነው? ልጆቹም ያደረጉት ይህንን ነው። ካቴናው እንዲደርስ ማጠር ወይም መርዘም ስላለበት ከኮሮናው ጋር አንድ ላይ ይለካ።

ሞተሩ ግን በጣም የተነካካ ከሆነ፣ ማለትም ሲሊንደር የተፈጨ፣ ካምሻፍት የተቀየረ፣ የፋብሪካው ዕቃ ከእንግዲህ የማይገኝ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ራሱን የሚያርም፣ ለእናንተው ሞዴል መሰኪያ ያለው፣ ተነቅሎ የሚሸጥ። ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሻጩ የሞተሩን ሞዴልና ዓመት ጽፎ «ይገጥማል» ብሎ በጽሑፍ ይመልስላችሁ፣ ኤምፔሳ የላካችሁበትንም መልእክት አታጥፉ። ማስገባት ስትጀምሩ እያንዳንዱን መሰኪያ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ሽቦ አትቁረጡ፣ ሽቦ ቁረጥ የሚል ሳጥን ከሆነ ለእናንተ ሞተር የተሠራ አይደለም። ከገጠማችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ያለ ተሳፋሪ ንዱና ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቷል፣ የቡና ከወተት ዓይነት ቀለም ከሆነ ተሳፋሪ መጫን ትችላላችሁ። የተነቀሉትን የፋብሪካ ዕቃዎች፣ ማርሚታውንም ሳጥኑንም፣ በጆንያ ጠቅልላችሁ ከአልጋ ሥር አስቀምጡ። የሚቀጥለው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።